ከጋን እስከ ገንዳ፣ ከገንዳ እስከ ወንዝ

ባዮቴክኖሎጂ የሚለው ቃል ሲነሣ አብዛኛው አንባቢ በዓይነ ሕሊናው የሚያየው ነጭ ካፖርት፣ ማይክሮስኮፕና ከውጭ አገር በሣጥን ታሽጎ የመጣ ውድ መሣሪያ ሲሆን፣ የቃሉ መሠረታዊ ፍቺ ግን በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን የሚሠሩትን ሥራ ለሰው ጥቅም በሥርዓት መምራት ነው። ይህ ሥራ የሚከናወንበት ዕቃ፣ ማለትም ተሕዋስያኑ ምግባቸውን፣ ውሃቸውንና የሚስማማቸውን ሙቀት አግኝተው የሚባዙበት የተከለለ ቦታ፣ በሙያው ቋንቋ ባዮሪአክተር ይባላል፤ ዕቃው ከማይዝግ ብረት ይሠራ ከሸክላ፣ ከሲሚንቶ ይሁን ከፕላስቲክ፣ ስሙ አይለወጥም። በዚህ ፍቺ ከተኬደ፣ ከመቱ እስከ ጎሬ፣ ከሁሩሙና ከያዩ እስከ በደሌ ያለው የኢሉባቦር ምድር ባዮሪአክተር የሞላበት ነው፤ ጠጅ የሚጣልበት ጋን አለ፣ የእሸት ቡና ማብላያ ገንዳ አለ፣ በአንዳንድ ገበሬ ጓሮ የተቀበረ የባዮጋዝ ጉድጓድ አለ፣ ዛሬ የቡኖ በደሌ ዞን መቀመጫ በሆነችውና ለረጅም ዘመን የኢሉባቦር አካል ሆና በኖረችው በደሌ ደግሞ የቢራ ፋብሪካው ታንኮች አሉ።

እነዚህ ዕቃዎች ጎን ለጎን ሲታዩ የሚገርም ልዩነት ይወጣል። ታንኩ በየሰዓቱ ይለካል፤ ጋኑ ትውልድ በተሻገረ ዕውቀት ይጠበቃል፤ የአካባቢው ሀብት ሁሉ የሚያልፍበት የቡና ገንዳ ግን ከአራቱ ሁሉ ያነሰ ትኩረት የሚሰጠው ነው።

በገንዳው ውስጥ የሚሆነው

በኢሉባቦር ብዙው ቡና እስከ ልጣጩ በፀሐይ ደርቆ ጀንፈል ሆኖ የሚሸጥ ቢሆንም፣ የለቀማው ወቅት ሲደርስ በወንዝ ዳር ያሉ የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች ሌት ተቀን ይሠራሉ። ገበሬው ቀይ እሸቱን ለቅሞ በጀርባ፣ በአህያና በመኪና የሚያደርሰው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ እሸቱም ሳያድር መፈልፈል ስላለበት፣ ማሽኑ ብዙ ጊዜ ሞቅ ብሎ የሚሠራው በምሽት ነው። እሸቱ መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ይጣላል፤ ፍሬ አልባውና በተባይ የተበላው ይንሳፈፋል፣ ደህናው ይሰምጣል። የሰመጠው ወደ መፈልፈያው ወርዶ ቀይ ልጣጩ ከተገፈፈ በኋላ፣ ፍሬው ዝልግልግ ሽፋኑን እንደለበሰ ወደ ሲሚንቶ ገንዳ ይፈስሳል።

ሽፋኑ በውሃ ታጥቦ የሚለቅ አይደለም፤ ከስኳርና ማርማላታን ከሚያረጋው ፔክቲን ከተባለ ንጥረ ነገር የተሠራ በመሆኑ እንደ ሙጫ ፍሬው ላይ ይጣበቃል። የሚያላቅቁት ከልጣጩ፣ ከውሃውና ከገንዳው ግድግዳ የሚነሡ ባክቴሪያዎችና እርሾዎች ናቸው። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ፔክቲኑን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ያመነጫሉ፤ ኢንዛይም ማለት አንድን ኬሚካዊ ለውጥ የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን በለውጡ የማያልቅ ፕሮቲን ነው። ወተትን የሚያረጉት ባክቴሪያዎች ዘመዶች የሆኑት ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ደግሞ ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ ገንዳው እየኮመጠጠ ይሄዳል፣ ኮምጣጤነቱም ቡናውን የሚያበላሹ ሌሎች ተሕዋስያንን ያርቃል። ይህ ሁሉ እንደ አየሩ ሁኔታ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን፣ በብርድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይወስዳል።

መድረሱን የሚያውቀው የገንዳው ሠራተኛ ነው። እጁን አስገብቶ ፍሬውን ያሻል፤ ዝልግልጉ ካለቀ ፍሬው መንሸራተቱን ትቶ ጠጠር እንደታሸ ድምፅ ይሰጣል። አንዳንዱ ዱላ ወደ ክምሩ ይሰድድና ሲያወጣው ቀዳዳው ሳይደፈን ከቀረ ደርሷል ይላል። ይህ ዕውቀት ሊናቅ አይገባም፤ በብዙ ወቅት ልምድ የተቀረጸ እጅ ከርካሽ መሣሪያ ይበልጣል። ችግሩ እጁ የሚናገረው ሥራው ሲያልቅ ብቻ መሆኑ ነው፤ ገንዳው በመንገድ ላይ ሳለ ወዴት እያመራ እንደሆነ አይነግርም።

> እጁ የሚናገረው ሥራው ሲያልቅ ነው፤ ገንዳው ወዴት እያመራ እንደሆነ ግን ቀድሞ አይነግርም።

የገንዳው አካሄድ ደግሞ እንደ ቦታውና እንደ ሙቀቱ ይለያያል። ለምሳሌ መቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ብዙም ሳትርቅ ያለችው ጎሬ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ብርዳምና ዝናባም ከተማ ናት። የተሕዋስያን ሥራ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር በግምት በእጥፍ የሚፈጥን በመሆኑ፣ በአንዱ ቦታ የተለመደው የማብላያ ሰዓት በሌላው ቦታ ሊሠራ አይችልም፤ በአንድ ጣቢያም ቢሆን የጥቅምት ሞቃት ሌሊትና የታኅሣሥ ብርዳም ሌሊት አንድ አይደሉም። ቶሎ የታጠበ ቡና ዝልግልጉ ሳይለቅ ማድረቂያ አልጋ ላይ ወጥቶ ይሻግታል፤ የዘገየ ቡና ደግሞ ከልክ በላይ ኮምጥጦ መጥፎ ሽታ ይይዛል፣ የዚህ ዓይነት ጥቂት ፍሬዎችም አንድ ሲኒ ቡና ለማበላሸት ይበቃሉ። በጣቢያዎች ዙሪያ የሚሠሩ የጥራት ባለሙያዎች እንደሚሉት ጉድለቱ የሚታወቀው ቡናው ተቀምሶ ደረጃ ሲወርድ ነው፤ ያን ጊዜ የትኛው ገንዳ፣ በየትኛው ሌሊት እንደበደለ የሚያሳይ መዝገብ አይገኝም።

ጋኑ የሚያውቀው

ገንዳው የሚጎድለውን ሥርዓት ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የኢሉባቦር ጫካ በማሩ የታወቀ ነው፤ ከማሩም ጠጅ፣ በአካባቢው አፋን ኦሮሞ ዳዲ፣ ይጣላል። የጠጅ ጣይዋ ሥራ በባዮቴክኖሎጂ መጽሐፍ ቋንቋ ቢጻፍ አንድም ደረጃ አይጎድለውም። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ተፈግፍጎ ይታጠባል፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ ይህ ያልተፈለጉ ተሕዋስያንን መቀነስ ነው። ማሩ በውሃ ይበረዛል፤ ይህ ለሚፈለጉት ምግብ ማዘጋጀት ነው። ጌሾ ይገባል፤ ይህ ለጠጁ ምሬት ከመስጠቱ በላይ እርሾው የሚችላቸውን፣ ብዙ ባክቴሪያዎች ግን የማይችሏቸውን ንጥረ ነገሮች በመጨመር ውድድሩን ለእርሾው ማድላት ነው። አፉ በጨርቅና በክዳን ይሸፈናል፤ ይህ ጋዙ እየወጣ አየር እንዳይገባ ማድረግ ነው። በአካባቢው ፈርሶ በሚባለው በጠላ በኩል ደግሞ ከዋናው ድፍድፍ በፊት የሚዘጋጀው ጥንስስ አለ፤ ተሕዋስያኑ በትንሽ መጠን በዝተው፣ በርትተው፣ ከዚያ ወደ ብዙው እንዲገቡ ማድረግ ተሕዋስያንን አባዝተው መድኃኒት የሚሠሩ ፋብሪካዎችም የሚከተሉት ሥርዓት ነው።

የሸክላውም ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ጋን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ውሃው እንደ ላብ እየወጣ ይተንናል፣ ትነቱም ውስጡን ያቀዘቅዛል። በተጨማሪም ከአንዱ ጥንስስ የተረፉ እርሾዎች በሸክላው ቀዳዳዎች ተጠልለው ለሚቀጥለው ይቆያሉ፤ በዕድሜ የገፉ ጠጅ ጣዮች ‹‹የለመደ ጋን›› ከአዲስ ጋን ይሻላል የሚሉት በከንቱ አይደለም። በአንጻሩ አንድ ጊዜ ያኮመጠጠ ጋን ያንኑ ጠባዩን ይዞ ሊቆይ ስለሚችል እንደገና በብዙ ጭስ ይታጠናል፣ ካልሆነም ለሌላ አገልግሎት ይተዋል።

ትንሹን ትልቅ ማድረግ

በአንድ ጋን የሚሠራ ነገር በመቶ ጋን መጠን ባለው ታንክ ውስጥ እንደዚያው ይሠራል ብሎ ማሰብ የሂደት ንድፍ የመጀመሪያው ስሕተት ነው። የአንድ ዕቃ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በእጥፍ ቢያድጉ ይዘቱ 8 እጥፍ ሲሆን የግድግዳው ስፋት ግን 4 እጥፍ ብቻ ይሆናል። እርሾ ስኳርን ወደ አልኮል ሲለውጥ ሙቀት ስለሚያመነጭ፣ ትንሹ ዕቃ በግድግዳው በኩል የሚያስወጣውን ሙቀት ትልቁ ሊያስወጣው አይችልም፤ ሙቀቱ ይጠራቀማል፣ እርሾውም ወይ ያልተፈለገ ጣዕም ያመጣል ወይ ይሞታል። በ1985 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና እ.ኤ.አ. በ2011 ከሐረር ቢራ ጋር ለሄኒከን የተሸጠው የበደሌ ቢራ ፋብሪካ ታንኮቹን ማቀዝቀዝ የሚኖርበት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰዎች ቢራ ፋብሪካ ሲሉ ብቅልን ያስባሉ እንጂ የፋብሪካው ልብ ማቀዝቀዣው ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። የቢራ እርሾ አንድ ዘር ብቻ፣ ከሌላ ሳይደባለቅ እንዲሠራ ስለሚፈለግም ጠመቃው ይፈላል፣ ቧንቧው ይቀቀላል፣ መግቢያውና መውጫው ሁሉ ይዘጋል።

በዓለም ታሪክ ይህን ችግር ከሁሉ አጉልቶ ያሳየው ፔኒሲሊን ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ለንደን ውስጥ የታየው ሻጋታ መድኃኒት ለመሆን ከ10 ዓመት በላይ የቆየበት አንዱ ምክንያት ሻጋታው ፈሳሽ ላይ ተንሳፍፎ ብቻ ማደጉ ሲሆን፣ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች በቂ ዕቃ አጥተው በሕሙማን መጸዳጃ ሰሃን ሳይቀር ያሳድጉት ነበር። መፍትሔው የመጣው አሜሪካ ውስጥ ነው፤ በኢሊኖይ ግዛት ፒዮሪያ ከተማ የሚገኝ የግብርና ቤተ ሙከራ ርካሽ ምግብ ፍለጋ የበቆሎ ስታርች ሲመረት የሚቀረውን ፈሳሽ ሞከረ፣ ምርቱም በብዙ እጥፍ አደገ፤ ሻጋታው በጥልቅ ታንክ ውስጥ፣ ንጹሕ አየር ከሥር እየተነፋለት፣ እየተማሰለ እንዲያድግም ተደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ1944 ፋይዘር ኩባንያ ብሩክሊን ውስጥ አሮጌ የበረዶ ፋብሪካ ገዝቶ በታላላቅ ታንኮች ማምረት ጀመረ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ለኢሉባቦር የሚጠቅመው ቁም ነገር የበቆሎው ፈሳሽ ነው። አንዱ ኢንዱስትሪ የሚጥለው የሌላው ምግብ ሆነ፤ ያን ያወቁትም በአካባቢያቸው ምን እንደሚጣል የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ።

ጉድጓዱና የሚበላው

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የባዮጋዝ ጉድጓድ በአምቦ የእርሻ ኮሌጅ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1957 አካባቢ ቢሆንም፣ ወደ ገበሬው ቤት በሰፊው መግባት የጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ኦሮሚያን ጨምሮ በአራት ክልሎች ሥራ ከጀመረ በኋላ ነው። ‹‹ስንዱ›› የተባለው ንድፍ ከኔፓል ተወስዶ ለኢትዮጵያ የተስተካከለ ሲሆን፣ ከድንጋይ ወይም ከጡብና ከሲሚንቶ የሚሠራ፣ ከመሬት በታች የሚቀበር፣ አናቱ ጉልላት የሆነ ጉድጓድ ነው። እበትና ውሃ እኩል ተበጥብጠው ይገቡበታል፤ አየር በሌለበት ተሕዋስያን በቅብብሎሽ ይሠራሉ፤ አንዱ ወገን ትልልቁን ንጥረ ነገር ይሰባብራል፣ ሌላው ወደ አሲድ ይለውጣል፣ የመጨረሻው ወገን አሲዱን ወደ ሜቴን ጋዝ ይለውጣል። ጋዙ በቧንቧ ወደ ምድጃ ይሄዳል፣ የቀረው ዝቃጭ ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል።

የመጨረሻው ወገን ዘገምተኛና ስሱ ነው። ኮምጣጤነት አይወድም፣ ረሀብም ጥጋብም አይስማማውም። እዚህ ላይ አንድ ቀላል ስሌት አለ፤ 6,000 ሊትር ብጥብጥ የሚይዝ ጉድጓድ በቀን 100 ሊትር ቢገባበት፣ የገባው እዚያ በአማካይ 60 ቀን ይቆያል ማለት ነው። ብጥብጡ በእጥፍ ቢገባ ቆይታው በግማሽ ያጥርና ተሕዋስያኑ ገና በቅጡ ሳይባዙ ከዝቃጩ ጋር ታጥበው ሊወጡ ይችላሉ። ግንበኞቹ ይህን በቃል ያውቁታል፤ ለባለቤቱ ግን ሁልጊዜ አይነገርም፣ ቢነገርም ጉድጓዱ በተመረቀ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ብዙ ጉድጓዶች ሥራ የሚያቆሙት በንድፍ ጉድለት ሳይሆን በዚህ ዓይነት ትንንሽ ምክንያት ነው። የምድጃው ቧንቧ ይበላሻል፣ መለዋወጫው ከመቱ ገበያ ይጠፋል። ከብቶቹ ሩቅ ይሰማራሉ፣ እበቱ ሜዳ ላይ ይቀራል፤ በዴዴሳና በባሮ ሸለቆዎች ቆላማ ዳርቻ ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ መንጋውን ስለሚያመነምን ጉድጓዱን የሚመግብ በቂ ከብት የሌለው ቤት ብዙ ነው። በተለይ እናቶች የሚያነሡት ሌላ ቅሬታ አለ፤ ምድጃው ለቡናና ለወጥ ይበቃል፣ ለእንጀራ ምጣድ ግን ጋዙ አይደርስም፣ ስለዚህ እንጨቱ አልቀረም። ይህ ቅሬታ በንድፍ ሠሪው ጠረጴዛ ላይ ከማንኛውም ቀመር በፊት ሊቀመጥ የሚገባው ነበር፤ የቤቱ ዋና የእሳት ሥራ እንጀራ መሆኑን ያላገናዘበ ዕቃ ግማሽ ዕቃ ነው።

> የቤቱ ዋና የእሳት ሥራ እንጀራ መሆኑን ያላገናዘበ ዕቃ ግማሽ ዕቃ ነው።

ወደ ወንዙ የሚወርደው

ከቀይ እሸት ክብደት ውስጥ ወደ ውጭ ገበያ የሚሄደው ጥሬ ቡና አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ቀሪው ልጣጭ፣ ዝልግልግ፣ ገለፈትና ውሃ ነው። ልጣጩ በጣቢያው ጀርባ ይከመራል፤ የገንዳው ኮምጣጣ ውሃ በቦይ ወደ ጅረት ይወርዳል። በውስጡ ያለው ስኳር ለወንዙ ባክቴሪያዎች ድግስ ስለሚሆን፣ እነርሱ ሲባዙ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ይጨርሱታል፣ ዓሣውና ሌላው የወንዝ ፍጥረት አየር ያጣል፣ ውሃውም ይጠቁራል፣ ይሸታል። ሶር ወደ ገባ፣ ገባ ከብርብር ጋር ተገናኝቶ ወደ ባሮ ይሄዳል፤ ገባ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ በተመዘገበው በያዩ የቡና ጫካ የባዮስፌር ጥብቅ ክልል የሚያልፍ ወንዝ ነው። የጫካ ቡናን ዘር ለዓለም እንጠብቃለን ተብሎ በታወጀበት ምድር የቡናው ዕጣቢ ወንዙን መጉዳቱ ማንንም ሊያሳስብ የሚገባ ጉዳይ ነው።

አንዳንድ ጣቢያዎች ዕጣቢውን በጉድጓድ ያቁሩታል፣ በአንዳንዱም ቬቲቨር ሣር በተተከለበት ረግረግ ያሳልፉታል። ይህ ሣር በኢሉባቦር ገበሬዎች ዘንድ በሰፊው የታወቀው፣ ካርልሄይንዝ ቦም እ.ኤ.አ. በ1981 የመሠረቱት ‹‹ሰዎች ለሰዎች›› ድርጅት ለአፈር ጥበቃ ካሠራጨው ወዲህ ነው። ሥሩ ጥልቅና ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ዕጣቢውን የሚያጠሩ ባክቴሪያዎች ይጣበቁበታል፤ እንዲህ ያለው ረግረግም ክዳን የሌለው ባዮሪአክተር ነው። ነገር ግን ረግረጉ ያጠራል እንጂ ኃይል አይሰጥም።

ልጣጩና ዕጣቢው ወደ ባዮጋዝ ጉድጓድ ቢገባስ የሚለው ሐሳብ ወዲያው የሚመጣ ሲሆን፣ የሂደት ንድፍ እውነተኛ ፈተና የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ልጣጩ ራሱ ኮምጣጣ ነው፤ በውስጡ ያሉት ካፌይንና ታኒን ለተሕዋስያኑ ይከብዳሉ፤ ብቻውን ከገባ አሲድ ሠሪዎቹ ቀድመው ይሮጣሉ፣ ሜቴን ሠሪዎቹ ይመረዛሉ፣ ጉድጓዱም ይሞታል። እበት ሲቀላቀልበት ግን ኮምጣጤነቱ ይለዝባል፣ ከከብቱ ሆድ የወጡት ሜቴን ሠሪዎችም አብረው ይገባሉ። ሁለተኛው ችግር ወቅት ነው፤ ልጣጩ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ እንደ ጎርፍ ይመጣና ይቋረጣል፣ ተሕዋስያኑ ግን ዓመቱን ሙሉ መብላት አለባቸው። ስለዚህ ልጣጩን ለከብት መኖ እንደሚደረገው አየር በማያስገባ ጉድጓድ ጠቅጥቆና ሸፍኖ ማቆየት፣ በየቀኑም ከእበት ጋር በልክ መስጠት ያስፈልጋል። የተረፈው ልጣጭ በሙቅ ውሃ ወይም በእንፋሎት ከታከመ በኋላ እንጉዳይ ይበቅልበታል፤ ይህም በኢትዮጵያ የተሞከረና የሠራ ነው።

ከምን ይጀመር

በዘርፉ ሁለት ዓይነት ሥራ እንዳለ መለየት ብዙ ገንዘብ ያድናል። አንደኛው ንጹሕ ዘር የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ክትባት ሲያመርት ወይም ለአኩሪ አተርና ለባቄላ የሚሆኑ፣ ናይትሮጅንን ከአየር የሚይዙ ባክቴሪያዎች ተባዝተው በዱቄት ታሽገው ለገበሬ ሲቀርቡ፣ ባዕድ ተሕዋስ ቢገባ ምርቱ ሊበላሽ ይችላል። ይህ ብርቱ ማምከኛ፣ የማይቋረጥ መብራትና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ሁለተኛው የተደባለቁ ተሕዋስያን በክፍት ዕቃ የሚሠሩት ነው፤ ገንዳው፣ ጋኑና ጉድጓዱ ሁሉ ከዚህ ወገን ናቸው። የኢሉባቦር ከተሞች ሀብትም፣ ልምድም ያላቸው በዚህኛው ነው። አንዳንድ ተቋም በመጀመሪያው ዓይነት ዕቃ ግዢ ቢጀምርና ዕቃው ማኅተሙ ሳይፈታ ክፍል ውስጥ ቢቀመጥ፣ የሚያስወቅሰው የዕቃው ጥራት ሳይሆን የተመረጠው መነሻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው መቱ ዩኒቨርሲቲ ከመፈልፈያ ጣቢያዎቹ ሩቅ አይደለም፤ በበደሌ ያለው የግብርና ካምፓሱም በቡናው ምድር መካከል ነው። በመስኩ የሚያስተምሩ መምህራን ደጋግመው የሚያነሡት ቅደም ተከተል ቀላል ነው። መጀመሪያ ከጥሩ ገንዳና ከመጥፎ ገንዳ ናሙና ተወስዶ የየትኛው ተሕዋስ ሥራ እንደሆነ ይለያል። ከዚያ ያው ሂደት በ5 ሊትር ባልዲ ይደገማል፣ ሙቀቱም ኮምጣጤነቱም በየጥቂት ሰዓቱ ይጻፋል። ባልዲው በተከታታይ አንድ ዓይነት ውጤት ሲሰጥ ወደ በርሜል፣ ከበርሜሉ ወደ አንድ ገንዳ ይታለፋል፤ በየደረጃው የሚበላሸው ነገር ይለያያል፣ ባልዲ ውስጥ ያልታየ የሙቀት ልዩነት ገንዳው ውስጥ ከላይና ከታች ይታያል። ከጥሩው ገንዳ የተለዩት ተሕዋስያን በመጨረሻ ተባዝተው ለቡናው እንደ ጥንስስ ሊሰጡ ይችላሉ፤ በላቲን አሜሪካ ለቡና ተብሎ የተዘጋጀ እርሾ በገበያ የሚሸጥ ሲሆን፣ የኢሉባቦር ጫካ ቡና ግን በራሱ ምድር እርሾ ቢብላላ የራሱን ጣዕም እንደሚጠብቅ ማሰብ ተገቢ ነው።

የጣቢያ ባለቤቶች በበኩላቸው ጊዜ የለንም ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ እሸት ሲመጣ የሚያስቆም የለም። ስለዚህ በለቀማው ወቅት ከእነርሱ ሊጠየቅ የሚችለው በጣም ጥቂት ነው፤ በእያንዳንዱ ገንዳ አንድ ቴርሞሜትር፣ ኮምጣጤነትን በቀለም የሚያሳይ ወረቀት፣ የገባበትና የታጠበበት ሰዓት የሚጻፍበት አንድ ደብተር፣ እጁን የሚያስገባው ሠራተኛም ድምፁን ሲሰማ ሰዓቱን እንዲያስጽፍ። እንዲህ ያለው ደብተር የሦስት ወቅት ገጽ ሲይዝ ለመቱ ከራሷ ከመቱ የተወለደ የማብላያ ሰንጠረዥ ይወጣላታል፣ ጎሬም የራሷን ታገኛለች።

ከጥር በኋላ ገንዳዎቹ ባዶ ይሆናሉ፣ መፈልፈያው ይዘይትና ይሸፈናል፣ የልጣጩ ክምር በጣቢያው ጀርባ መሽተቱን ይቀጥላል። የሚቀጥለው እሸት እስኪቀላ ስምንት ወር ገደማ አለ፤ ግንበኛው ጉድጓድ የሚቆፍርበት፣ በያጁ ቧንቧ የሚያበጅበት፣ ልጣጩም ተጠቅጥቆ የሚቀበርበት ጊዜ ይኸው ስምንት ወር ነው፣ ክረምቱ ደግሞ በኢሉባቦር ቀድሞ ስለሚገባ ደረቁ ጊዜ ከዚያም ያጥራል።